ለያርድ ሴል የቱ ቀዝቃዛ መጠጥ ይሻላል? ውሃ፣ ለስላሳ፣ ሌሞኔድ ወይስ ከርከዴ

ያርድ ሴል፣ ማለትም ግቢ ላይ የሚደረግ ያገለገለ ዕቃ ሽያጭ፣ ልታወጡ ነው እንበል። ለልጆቹ የጠበበው ጫማ፣ ሁለቴ ብቻ የተነካው ብሌንደር፣ ከአንዱ አፓርታማ ወደ ሌላው ሲጎተት የኖረው መደርደሪያ ግቢው ላይ ይዘረጋል። ከቤተሰቡ አንዱ "መጠጥም እንሽጥ እንጂ" ይላል፣ ሁሉም ይስማማል። ቅዳሜ ጠዋት ሲደርስ ግን አንዱ ሎሚ ሲጨምቅ፣ ሌላው በረዶ ፍለጋ ሲሮጥ፣ ዋናው ዕቃ ዋጋ ሳይለጠፍበት ገዢው ከች ይላል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ምረጡ። ስትመርጡም የቱ የበለጠ ያተርፋል ከማለታችሁ በፊት፣ ያልተሸጠው ወዴት ይሄዳል ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ሰው እንደሚመጣ ማንም ቀድሞ አያውቅም። ሊዘንብ ይችላል፣ በዚያው ቀን ሁለት መንገድ ወዲያ ማዶ ከእናንተ የሚበልጥ ሽያጭ ሊኖር ይችላል። ሳይሸጥ ቀርቶ ሳምንቱን ሙሉ ቤት የምትጠጡት ነገር አያከስራችሁም፤ ሲንክ ውስጥ የሚደፋው ግን ትርፉን ይዞት ይሄዳል። ከታች ያለውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው። የማስበው በአብዛኛው ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለውን ሐበሻ ነው፤ ሰዓቱም በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱንና ሙቀቱን እዩ

ጠዋት 7 እና 8 ሰዓት ላይ የሚመጡት አብዛኞቹ ልምድ ያላቸው ናቸው፤ ገዝተው መልሰው የሚሸጡ፣ የዕቃውን ሆድና ጀርባ ገልብጠው የሚያዩ። እነሱ ለቀዝቃዛ መጠጥ ጊዜ የላቸውም፤ ካሰኛቸውም የሚያሰኛቸው ቡና ነው። መጠጥ መሸጥ የሚጀምረው ፀሐይዋ ጠንከር ስትል፣ ልጅ የያዙ ቤተሰቦችና ውሻ የሚያንሸራሽሩ ጎረቤቶች መውጣት ሲጀምሩ፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ብዙው ያርድ ሴል ደግሞ ቀትር ላይ ወይም ቢዘገይ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። እንግዲህ እውነተኛው የመጠጥ ገበያ ሁለት፣ ቢበዛ አራት ሰዓት ነው ማለት ነው። ለዚህ አጭር ገበያ አምስት ዓይነት መጠጥ መደርደር ድካም ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ሐሙስ ማታ ትንበያውን እዩ። ጁላይ ላይ ዲሲ አካባቢ 90 ፋራናይት ማለፉ ብርቅ አይደለም፣ ወበቁም ከላይ ይጨመርበታል፤ እንዲህ ባለ ቀን የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ይሸጣል። ሜይ መጀመሪያ ላይ 65 ፋራናይት ከሆነ ግን ሰው ጃኬት ለብሶ ነው የሚመጣው። ያን ቀን መጠጡን ተዉት፣ ወይም ትኩስ ቡና አድርጉት።

ውሃ

አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ካልቸገራችሁ በቀር መነሻችሁ ውሃ ይሁን።

የጅምላ መደብሩ ኮስትኮ ውስጥ ባለ 40ው ካርቶን፣ ያው ግማሽ ሊትር ገደማ የሚይዘው ሃይላንድ፣ በአምስት ዶላር አካባቢ ይገኛል። አንዱ 12 ወይም 13 ሳንቲም ቢያስወጣችሁ ነው። በአንድ ዶላር ሲሸጥ ማንም ውድ ነው አይልም፤ በቱሪስት ሰፈር ከዚያ በላይ የከፈለ ሰው እንደውም ርካሽ ይለዋል። የታሸገ ስለሆነ እጃችሁን ታጠባችሁ ወይ፣ ከምን ሠራችሁት ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኩባያ አያስፈልገውም። የተረፈው ጋራዥ ይገባል፣ ለልጆቹ ኳስ ልምምድ ይሆናል።

ሌላም ጥቅም አለው። ከካርቶኑ ሩቡን አርብ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ካስገባችሁት በረዶ ይሆንላችኋል። ቅዳሜ ጠዋት ኩለሩ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ትቀላቅሉታላችሁ፣ ሌላውን ያቀዘቅዛል፣ ክዳኑ ያልተከፈተው ቀትር ላይ ራሱም ቀልጦ ይሸጣል። ውሃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ግን ከየጠርሙሱ ትንሽ ማጉደል ሊያስፈልግ ይችላል፤ ክዳኑ የተከፈተ ውሃ ደግሞ ለሰው አይሸጥም። ያጎደላችሁትን ምልክት አድርጉበትና ለቤተሰቡ አስቀሩት።

ለስላሳ በጣሳ

ከውሃ ቀጥሎ ቀላሉ ይህ ነው። ባለ 12 አውንሱ ጣሳ በጅምላ ሲገዛ ከ40 እስከ 60 ሳንቲም ይደርሳል፤ በአንድ ዶላር ከሸጣችሁት ትርፉ ከውሃው በግማሽ ገደማ ያንሳል፣ በ1.50 ከሸጣችሁት ደግሞ የሳንቲም ዝርዝር ፍለጋ ውስጥ ትገባላችሁ። በዚህ ላይ የሁሉም ሰው ምርጫ ይለያያል። ኮካ ስታቀርቡ ስፕራይት አለ ወይ ይላሉ፣ ስፕራይት ስታመጡ ዳይት ይጠይቃሉ። እኔ ብሆን ኮክ ዜሮ፣ መደበኛ ኮካና አንድ ነጭ ለስላሳ ብቻ ነው የምይዘው። ፋንታ ለልጅ ይሸጣል፣ ግን ልብስ ላይ ሲፈስ አያድርስ ነው።

ጣሳ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከፕላስቲክ ጠርሙስ በፍጥነት ይቀዘቅዛል። በድንገት ሰው ከበዛና ያልቀዘቀዘ ነገር ብቻ ከቀረ ነፍስ የሚያድነው ጣሳ ነው። የተረፈው ሳይበላሽ ወራት ይቆያል፣ እንግዳ ሲመጣም ይቀርባል። ቤታችሁ ለስላሳ የሚጠጣ ከሌለ ግን የተረፈው ምድር ቤት ሲንከባለል ይከርማል።

ስኳር የሌለበት ጋዝ ያለው ውሃ ደግሞ ችላ አትበሉ። እኛ በአምቦ ያደግን ሰዎች ነን፣ አሜሪካኖቹም ይወዱታል፤ የተረፈውንም ከክትፎ ጋር ማወራረድ ነው።

ኒው ዮርክ ያላችሁ ጣሳና ጠርሙሱ ላይ 5 ሳንቲም ማስያዣ ትከፍላላችሁ፣ ሚሺጋን ደግሞ ለለስላሳ 10 ሳንቲም ነው። እዚያ ከጠረጴዛው አጠገብ ባዶ ጣሳ መጣያ ትልቅ ከረጢት አስቀምጡ። ሰው ጠጥቶ የሚጥለው ወደ እናንተ የሚመለስ ገንዘብ ነው።

ሌሞኔድ

አሁን ወደ ቆንጆዋ መጣን። ልጆች ይወዱታል፣ ጆጉ ሲታይ ያምራል፣ አሜሪካ ውስጥ ልጅ ሌሞኔድ ሲሸጥ አይቶ ሳይገዛ የሚያልፍ ጎረቤት ጥቂት ነው፤ አንድ ዶላር ለሆነው አምስት ዶላር ሰጥቶ "መልሱን ያዘው" የሚልም አለ። ይህ የሚሆነው ግን ሻጩ ልጅ ሲሆን ነው። አዋቂ ቆሞ ሲሸጥ ያው መጠጥ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኩባያ የሎሚ ጭማቂ ለማግኘት አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ቢጫ ሎሚ ይፈልጋል። ለዚያ አንድ ኩባያ ስኳርና ከስድስት እስከ ሰባት ኩባያ ውሃ ይበቃል፤ በረዶ በገባበት ኩባያ ሲቀዳ ወደ አስር ሰው ያጠጣል። ሠላሳ ሰው ለማጠጣት እንግዲህ 18 ሎሚ፣ ስኳር፣ ኩባያና በረዶ ሲደማመር 23 ዶላር አካባቢ ይወጣል እንበል። ሠላሳውንም በሁለት ዶላር ከሸጣችሁ 37 ዶላር ይተርፋል፣ ጎበዝ። ግማሹ ብቻ ከተሸጠ ግን ትርፉ 7 ዶላር ነው። በአንድ ዶላር ሸጣችሁ ግማሹ ከቀረ ደግሞ ከኪሳችሁ 8 ዶላር ጨምራችሁ ሰፈሩን አጠጣችሁት ማለት ነው።

ከውሃው ጋር አስተያዩት። ለውሃ 5 ዶላር፣ ለበረዶ 6 ዶላር አወጣችሁ። አርባውም ከተሸጠ 29 ዶላር ይተርፋል። ግማሹ ብቻ ከተሸጠ 9 ዶላር ይተርፋል፣ ሃያ ሃይላንድም ቤት ይቀራል። ሌሞኔድ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ወለሉ ግን የለም። ዋጋው እንደየሰፈሩ ሊለያይ ይችላል፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩት፣ ልዩነቱ ብዙም አይቀየርም።

ሌሞኔድ ካላችሁ የማትለቁ ከሆነ ኪሳራውን የሚቀንስ ዘዴ አለ። አርብ ማታ ስኳሩን በትንሽ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ ከጭማቂው ጋር ብቻ ቀላቅሉትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ቅዳሜ እያንዳንዱን ጆግ ሲያልቅ ብቻ በውሃ አቅጥኑት። ያልተበረዘው ከተረፈ ፍሪዘር ይገባል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶም ይጠጣል። በረዶውን ጆጉ ውስጥ አትጨምሩት፣ ኩባያ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ካልሆነ 11 ሰዓት ላይ የምትሸጡት የሎሚ ሽታ ያለው ውሃ ነው። ክዳንም አይርሳችሁ፣ ንብ ከሰው ቀድሞ ነው የሚደርሰው።

የዱቄቱ ሌሞኔድ ርካሽ ነው፣ ዱቄቱም አይበላሽም። ምንም ነውር የለበትም። "አሁን የተጨመቀ" ብላችሁ አትጻፉበት እንጂ።

ከርከዴና ቀዝቃዛ ሻይ

ጎልቶ መታየት ለሚፈልግ የእኔ ምርጫ ከርከዴ ነው። አንድ ኩባያ የደረቀ አበባ በስምንት ኩባያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ሃያ ደቂቃ ትተዉታላችሁ፣ ዝንጅብልና ሁለት ሦስት ቅርንፉድ ትጨምራላችሁ፣ በወንፊት አጥልላችሁ ታጣፍጡትና ታቀዘቅዙታላችሁ። የፈላ ስለሆነ ፍሪጅ ውስጥ ቀናት ይቆያል፤ ከሎሚው ይልቅ የተረፈው ዋጋ አለው። ቀለሙ ከሩቅ ይጣራል። ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኤል ሳልቫዶርና የሜክሲኮ ጎረቤቶቻችሁ "ጃማይካ" ብለው ያውቁታል፣ ከካሪቢያን የመጡት "ሶረል" ይሉታል፣ ከሴኔጋል የመጡት "ቢሳፕ"። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ላንግሊ ፓርክ አካባቢ ከሆናችሁ ሦስቱንም ካርቶኑ ላይ ጻፏቸው፣ ሰው ፈገግ እያለ ይመጣል።

ችግሩ እድፉ ነው። ከርከዴ የነካው ነጭ ሸሚዝ ከዚያ በኋላ ነጭ አይደለም፣ ግቢው ደግሞ በምትሸጡት ልብስ ተሞልቷል። ልብስ በብዛት የምትሸጡ ከሆነ ከርከዴን ተዉት ወይም የመጠጥ ጠረጴዛውን ከልብሱ በደንብ አርቁት።

ቀዝቃዛ ሻይ ሁለተኛ ነው። በቀረፋና በቅርንፉድ የእኛን አገር አድርጋችሁ አፍልታችሁ ብታቀዘቅዙት የሱፐርማርኬቱን ያስንቃል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ብቻ ማሰሮውን ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ሻዩን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ማድረግ የሚባለውን ነገር አትሞክሩት፤ ውሃው ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል፣ ባክቴሪያ የሚወደውም እሱን ነው።

ቀዝቃዛ ቡና

ጠዋት ለሚመጡት ብቸኛው ትርጉም ያለው ምርጫ ይህ ነው። ሸካራ አድርጋችሁ የፈጫችሁትን ቡና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ፍሪጅ ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩት፣ ጠዋት አጥልሉት፣ አለቀ። የይርጋጨፌ ወይም የሲዳማ ቡና ከሆነ ጻፉት፤ ቡና የሚያውቅ አሜሪካዊ ስሙን አይቶ ይቆማል። በሁለት ዶላር ይሸጣል፣ በሦስትም አይከፋም። ወተት ግን ከጠረጴዛው ይራቅ። ወተት ያለበት ነገር ከፍሪጅ ወይም ከበረዶ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፣ ሙቀቱ ከ90 ፋራናይት ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚፈቀድለት። የተረፈውን ቡና ማን እንደሚጠጣው ለሐበሻ አላስረዳም።

ስፕሪስ ልሥራ የሚል አይጠፋም። ማንጎና አቮካዶ በዶላር ገዝቶ፣ ብሌንደር በኤክስቴንሽን ገመድ ጎትቶ፣ ገዢ በተሰለፈበት ሰዓት መፍጨት? ይቅርባችሁ። ቢራ፣ ጠጅና ጠላ ያለ ፈቃድ መሸጥ ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ "ለጎረቤት ነው" ወይም "መዋጮ ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም" ማለት አያድንም።

በረዶው

የቱንም መጠጥ ብትመርጡ ቀኑን የሚያበላሸው ወይም የሚያሳምረው በረዶ ነው። መጠጡን አርብ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዙት። ጋራዥ ውስጥ የዋለ ሙቅ ለስላሳ ጠዋት ኩለር ውስጥ ከጨመራችሁት በረዶው እሱን በማቀዝቀዝ ያልቅና 10 ሰዓት ላይ ሌላ ልትገዙ ትሮጣላችሁ። ኩለሩ ውስጥ በረዶ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ውሃም ጨምሩ። ውሃ ያልገባበት በረዶ ጠርሙሱን የሚነካው እዚህም እዚያም ነው፣ በረዶ ያለበት ውሃ ግን ዙሪያውን ያቅፈዋል፣ ለዚህ ነው ቶሎ የሚያቀዘቅዘው። ጥቂት ጨው ቢጨመርበት የበለጠ ይፈጥናል። ሁለት ኩለር ካላችሁ አንዱ የሽያጭ ይሁን፣ ሌላው መጠባበቂያ ሆኖ ጥላ ውስጥ ሳይከፈት ይቆይ።

አንድ የማልደራደርበት ነገር፦ ጣሳና ጠርሙስ የተነከረበት በረዶ ኩባያ ውስጥ አይገባም። የስንቱ እጅ ገብቶበታል። ለኩባያ የሚሆነው በራሱ ዕቃ፣ ከራሱ መዝገኛ ጋር፣ ተከድኖ ይቀመጥ። ይህ አንድ ተጨማሪ ከረጢትና አንድ ተጨማሪ ዕቃ ማለት ነው፤ ሌሞኔድንና ከርከዴን ከውሃ ጋር ስታወዳድሩ ይህንንም ወጪያቸው ላይ ደምሩት። ፎም ኩባያም አትግዙ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ2020 ጀምሮ ምግብና መጠጥ ለሚሸጥ ተከልክሏል፣ ዲሲም ከዚያ በፊት ከልክሏል።

ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

እንደ አገሩ ነው። በ2011 በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ቤተስዳ ውስጥ፣ ትልቁ የዩኤስ ኦፕን የጎልፍ ውድድር ሲካሄድ ልጆች መንገድ ዳር ሌሞኔድ ሲሸጡ ካውንቲው ወላጆቹን 500 ዶላር ቀጥቶ ነበር። ልጆቹ የሚሸጡት ለካንሰር ሕሙማን ሕጻናት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ነገሩ በቴሌቪዥን ወጥቶ ሰው ሲቆጣ ቅጣቱ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ግዛቶች ሕጉን አቅልለውታል፤ ቴክሳስ በ2019 ልጆች አልኮል የሌለበት መጠጥ ያለ ፈቃድ እንዲሸጡ የሚፈቅድ ሕግ አውጥታለች።

በተግባር በራሳችሁ ግቢ ለግማሽ ቀን ውሃ ስትሸጡ የሚያስቆማችሁ ብዙ አይደለም፤ ግን የታሸገና ቤት የተሠራ መጠጥ በጤና ቁጥጥር ዓይን አንድ አይደሉም፣ ጥያቄ የሚነሳውም በሁለተኛው ላይ ነው። ጠረጴዛውን የእግረኛ መንገድ ላይ አታውጡት። ዲሲም ሞንትጎመሪም ያላችሁ ወደ መንግሥት አገልግሎት መጠየቂያው 311 ደውላችሁ ጠይቁ። ታውንሃውስ የምትኖሩ ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን፣ የኤች ኦ ኤውን፣ ደንብ እዩ፣ እነሱ ከካውንቲው ይብሳሉ።

እንግዲህ የቱን?

የአንድ ቤት ያርድ ሴል ከሆነና ሰው የሚረዳችሁ ከሌለ፣ ውሃ ብቻ። ምናልባት አንድ ካርቶን ጣሳ። ልጆች ካሏችሁና ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ አዋቂ ካለ፣ ውሃና ሌሞኔድ፣ ሌሞኔዱን በሁለት ዶላር፣ ከላይ እንዳልኩት እያቀጠናችሁ። ዋናው ዕቃችሁ የቤት ዕቃና መጽሐፍ ከሆነ፣ ልብሱ ትንሽ ከሆነ፣ ከርከዴ አውጡ። ሽያጩ በጠዋት የሚያልቅ ከሆነ ቀዝቃዛ ቡና። ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ቀን የሚያወጣበት ቀን ከሆነ ደግሞ ዋዜማውን ጎረቤቶቻችሁን ምን እንደሚሸጡ ጠይቁ፤ ሦስት ቤት አጠገብ ለአጠገብ ሌሞኔድ ሲሸጥ ሦስቱም አይሸጡም። የጎረቤት ልጅ ሌሞኔድ ካወጣ እናንተ ውሃ ያዙና ከእሱም አንድ ግዙ።

ዋጋው ሁሉ ድፍን ዶላር ይሁን፣ ከባንክ ሃያ ሠላሳ የአንድ ዶላር ኖቶች አስቀድማችሁ አውጡ፤ የመጀመሪያው ገዢ ሁልጊዜ ሃያ ዶላር ነው የሚዘረጋው። በስልክ ገንዘብ የሚቀበሉት ዜል ወይም ቬንሞ ካላችሁ ኮዱን አትማችሁ ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት። የመጠጡን ገንዘብ ከዕቃው ገንዘብ በተለየ ቆርቆሮ ያዙት፤ ካልተለያየ አተረፍን ወይ የሚለውን ማታ ማንም አይመልስላችሁም። መጠጡ ከዕቃው መክፈያ ጎን ይቀመጥ እንጂ በሩ ላይ አይሁን፣ ሰው ውሃውን ከእጁ ሳይጨርስ ሌላ ዕቃ ያያል። ሶፋ ወይም ቁም ሳጥን ለገዛ ሰው ደግሞ ውሃውን በነፃ ስጡት፤ 12 ሳንቲም ነው፣ እሱ ደግሞ ያንን ሶፋ ብቻውን ወደ መኪናው ሊሸከም ነው።